የሚከፈት አገጭ

ማክሰኞ ነው የመጣው፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ማኒዛሌስ ጭቃ ስታወርድ፣ ጉም ሲጎተት ከተራራ፤
ኤቤሊዮ ይባላል፤ መድኃኒት ያደርሳል በሞተር፣
ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር።
አንዲት ልጅ ከኋላው፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት፣
ቢጫ የዝናብ ልብስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የዋጣት።

ሃያ ዓመት ሙሉ የራስ ቁር ሸጫለሁ፤
ገዢ ምን እንደሚጠይቅ ሳይናገር አውቃለሁ፦
ወጣቱ ቀለሙን፣ ሽማግሌው ዋጋውን፣
ትናንት ፖሊስ የቀጣው ከውስጥ ያለውን ማኅተሙን።
እሱ ግን ገና ከደጅ፣ ግራ ቀኙን እንኳ ሳያይ፣
“አገጩ የሚነሳ አለሽ? የሚከፈት ወደ ላይ?”

“አለ” አልኩት፣ “ወሬው ግን ከኪስህ ነው የሚጀምረው።”
ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ፔሶ፣ በላስቲክ የታሰረ። እርጥብ ነው።

ሦስት አወረድኩለት።
አንዱ ርካሽ፣ አብረቅራቂ፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ፣
መቆለፊያው ፕላስቲክ፣ የሚያምር ለአንድ ክረምት፣ እንደ አበባ።
ሁለተኛው የሁለት ወር ኪራይ፤
እጁን ዘርግቶ መለሰው፣ ዋጋውን ሲያይ።
ሦስተኛው ያምና ነው፤ ግራጫ፣ ጎኑ የተጫረ፣
እኔው ነኝ፣ ሳጥኑን ስከፍት ምላጩ አምልጦኝ የነበረ፤
ቀለሙ ተላጠ እንጂ አጥንቱ ደህና የቀረ።

“እውነቱን ልንገርህ” አልኩት (ሻጭ ይህን አይልም)፣
“ማጠፊያ ያለው ነገር እንደ ድፍኑ ጠንካራ አይደለም።
ክብደቱም ይበልጣል፤ ማታ አንገትህ ይነግርሃል፤
ስትነዳ ዝጋው፣ ስትቆም ክፈተው፤ ሌላው ቀላል።
ጉንጭህን ይጭመቅህ፤ ዛሬ የጠበበ ነገ ይሰፋል፤
ራስህን ስታዞር ብቻውን ከቀረ፣ ትልቅ ነው፣ ይወልቃል።
መነጽር ታደርጋለህ?” “አላደርግም።” “ሲጋራ?” “ተውኩ።”
“ታዲያ የሚከፈት ምን ያደርግልሃል?” ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ አልሰጠኝም። አሮጌ ድፍኑን አጠለቀ፣
ወደ ልጁ ዞሮ ተናገረ፤ ድምፁ እዚያው ውስጥ ታነቀ።
ዳማሪስ አየችው፦ ጥቁር መስታወት፣ አፍ የለው፣ ከንፈር የለው፤
ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፣ እንደማታውቀው ሰው።
ከዚያ ግራጫውን አጠለቀ፣ በአውራ ጣቱ ቁልፉን ሳበ፣
አገጩ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤
ያንኑ ቃል ደገመው፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ ብቻ፤
ልጅቱ ሳቀች።

ለካ ጆሮዋ አይሰማም፤ ቃል የምትለቅመው ከአፍ ላይ ነው፤
ቀይ መብራት ሲይዛቸው ጨዋታቸው የሚደራው፣
እሱ ለጎን መስታወቱ ያወራል፣ እሷ ከመስታወቱ ታነባለች፤
በድፍኑ ዘመን ግን፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት፣ ብቻዋን ነበረች።

ሂሳብ ግን ሂሳብ ነው። ግራጫው ሦስት መቶ አምስት ሺህ፤
ርካሹን ዳግም አነሳ፣ “ይኸም’ኮ ይከፈታል” እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መንሾካሾክ።
ያኔ ልጅቱ መጣች፤
ትንሽ ጣቷን ከመቆለፊያው ጎን አኖረች፤
ዝጋው አለችው በእጇ። ዘጋው። ራሷን ወዘወዘች።
ግራጫውን አቀረብኩላት። ጣቷን አኖረች። ዘጋው።
ቀጭ!
እኔ በጆሮዬ፣ እሷ በጣቷ ጫፍ ሰማነው፤
ብረት ብረትን ሲይዝ እስከ ክርኗ ወጣ መሰለኝ፣
ቅንድቧን አንስታ፣ “በቃ፣ ይኸው” ብላ አየችኝ።
በሃያ ዓመቴ መቆለፊያን እንዲህ የፈተነ አላየሁም፤
ከዚያ ወዲህ እኔም ጣቴን ሳላኖር አልሸጥም።

ሃያ አምስት ሺህ ጎደለው። ዱቤ በሱቄ የለም፤
“ዱቤ የለም” የሚለው ወረቀት ከራሴ በላይ ተለጥፏል፣ አልቀደድኩትም፤
ብቻ ደብተር አወጣሁና ስሙን ጻፍኩ።

ከደጃፌ ቆሜ አየኋቸው። እሷ ትንሿን ቀይ ቁሯን አጥልቃ፣
ወገቡን እንደ ምሰሶ አቅፋ፣ አገጯን ከጀርባው አጣብቃ፤
መብራቱ ቀይ ሆነ። አገጩ ተነሳ።
ምን እንዳላት አላውቅም፤ በቡጢ ጀርባውን መታችው፣ እየሳቀች።
አረንጓዴ። ዘጋው።
እሷም እጇን ሰደደች፣
በጣቷ ጎኑን ነካች፣
ከዚያ በኋላ ነው የሄዱት።

እስከ ዛሬ አሥራ አምስቱን ከፍሏል።