የመቆንጠጫ ባሕረ ሐሳብ

ኩዌት፣ ሳልሚያ ነው፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ከታች የጨው ባሕር፣ ከላይ ነጭ ሰማይ።
የሰው ልብስ አጥቤ በማሰጣበት ገመድ
ቀን እቆጥራለሁ፣ እንዳልስት መንገድ።

ስልኬ ከማዳም ዘንድ በመሳቢያ ታስሮ፣
ፓስፖርቴም ከጎኑ ከነስሙ ታጥሮ፤
ስሙም የኔ አይደለ፣ ደላላ ነው ያወጣው፣
ካንዱ የገበያ ቀን ለቅሞ ያመጣው።
በወረቀት ዘይነብ፣ በዚህ ቤት ሊና ነኝ፣
እናቴ ትርንጎ ብላ ነው የጠራችኝ፤
አንድ ሌላም አለ፣ ከውሃ የወጣሁበት፣
ማንም የማይጠራኝ፣ ከእርሱ በቀር በሌሊት።

አባቴ መሪጌታ፣ ነፍስ ይማር፣ በጣቶቹ
የጾም መግቢያ ያገኝ ነበር፣ ቆጥሮ በአንጓዎቹ።
መጥቅዕ ይል ነበር፣ አበቅቴ፣ ወንበር፤
ሴት ልጅ ነኝና በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።
ቁጥሩ አልገባኝም፤ የቀረኝ ዜማው ነው፣
እሱንም ሸሚዝ ስተኩስ ነው የማዜመው።

ጎረቤት መስጊድ አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን
ስብከቱ ይረዝማል፣ ያኔ አውቃለሁ ዓርብን።
እግዜር መልእክተኛ አያጣም፤ በሰው ሚናራ አፍ
ቀኔን ይልክልኛል፣ ዓርቤ እንዳይገደፍ።
ከዚያ መቆንጠጫ፣ ለቀን አንድ እሰካለሁ፣
ስድስተኛው ላይ ስደርስ ረቡዕን አገኛለሁ።
ሰማያዊው ለጾም፣ ቢጫው ለፍስክ ቀን፣
ለሰንበት የተሰበረውን፣ ይረፍ ብዬ እርሱን።

ከሱቁ ፍሪጅ አጠገብ አንዲት ሐበሻ ሴት
ወተት እየመረጠች፣ ሳታየኝ ፊት ለፊት፣
«ሰኞ ይገባል» አለች። አልጠየቅሁም ምኑ ነው።
ለእኔ የዐቢይ ጾም አዋጁ ያ ነው።

ሃምሳ አምስት ነበር ግቤ። አርባ ስንት ላይ ደርሼ
ትኩሳት ጣለኝ፣ ሦስት ቀን፣ ወይ አራት፣ ብርድ ልብስ ለብሼ፤
ስነሣ ቀይ አቧራ ከበረሃው መጥቶ፣
ገመዱን አራግፎ፣ ቁጥሬን ሁሉ አጥፍቶ።

ደመወዝ ሰባት ወር። እሺ። ችያለሁ።
በር ከውጭ ሲዘጋ። እሺ። ለምጃለሁ።
ቀኑ ሲጠፋ ግን፣ ከታንከሩ ጥላ ሥር
ቁጭ አልኩና አለቀስኩ፤ ጸሎትም አልነበር፣
ይህን ብቻ አልኩኝ፦ «እኔ ጠፍቶኛል ቀኑ፤
አንተስ አልጠፋሁህም? ካለሁ ንገረኝ፣ እሱኑ።»

ከታንከሩ ጠብታ ወረደ በአንገቴ።
ተአምር አልለውም፣ ድሮም ያፈስሳል፤
ግን ያቺን ሰዓት ያ ጥላ ነበር ቤቴ፣
ክንፍም እንደዚህ ነው፣ ሲሸፍን ያጨልማል።

ቀና ስል በማዶ፣ በሌላው ጣሪያ ላይ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ እኔን እኔን ስታይ።
ከኋላዋ ገመድ፣ ልብስ የሌለበት፣
መቆንጠጫ ብቻ የተሰለፈበት።
(ስንት ወር አይቼ አላየሁትም ነበር!)
እጇን አነሣች፤ ሦስት ጣት። «ሦስት» አለች በከንፈር።

ሦስት ከቀረማ ዛሬ ነው ጸሎተ ሐሙስ፤
ጠዋት የማዳምን እናት እግር ሳጥብ፣ ሳብስ፣
ጥፍሯን ስቆርጥላት፣ ፎጣ በትከሻዬ፣
ቀኑን ጠብቄ ኖሯል፣ ሳላውቅ፣ በሥራዬ።

በሩ አልተከፈተም፤ ደመወዙም አልመጣ፤
አላውቅም ከዚህ ቤት መቼ እንደምወጣ።
ግን ሦስት ሰማያዊ ለቅሜ ከወለሉ
ሰካሁ፤ የመቃብርም ሦስት ቀን ነው ውሉ።

«ሊና!» አለች ማዳም ከደረጃው በታች።
«አቤት!» አልኩ፣ ወደ ላይ። ለእርሷ መሰላት፤ ዝም አለች።