የጉልበቷ ሎሚ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሞተር ፈትቻለሁ፤
የላላ ብሎን ካለ በጆሮዬ አውቃለሁ።
ስለዚህ በጥር ወር፣ ከዘንባባው ጥላ፣
ጥጤ ስትከተለኝ ከእኔ ትንሽ ኋላ፣
«ቀጭ» ሲል ዞር አልኩኝ።
አንዷን የኋላ እግር ሰብስባ ወደ ሆድ
በሦስቱ ትነጥራለች፣ ሳታቋርጥ መንገድ።
ሁለት እርምጃ፣ ሦስት፤
ደግሞ «ቀጭ»፤ ደግሞ አራት።
ቀና ብላ አየችኝ፤ ጅራቷ አላረፈም፤
ከተወለደች ወዲህ ሌላ እግር አታውቅም።

ሽምብጥ ወሰድኳት። ሐኪሟ ባንቺአምላክ
በአውራ ጣቷ ይዛ ገፋ፣ መለስ፣ ልክ
እንደ በር መቀርቀሪያ።
«የጉልበቷ ሎሚ ናት፣ ትንሸራተታለች፤
የተኛችበት ቦይ ጥልቀት የለው» አለች።
«ወድቃ ነው?»
«አልወደቀችም።»
«ባጃጅ ገጭቷት ይሆን?»
«ማንም አልነካትም።
ከነጉድለቱ ነው የወረሰችው ጉልበት።
እናቷን ታውቃለህ? አባቷንስ፣ ምናልባት?»

ዝም አልኩ።
ልጄ ምንትዋብ ናት፣ በሻርፕ ጠቅልላት፣
ከአዲስ አበባ በጫማ ካርቶን ያመጣቻት።
ሻጩ «አታድግም» ብሏት ነበር፤ «ይህችው ናት፤
የእጅ ቦርሳ ይበቃታል።»
ደስ ብሎን ሳቅን፤
ማነስ ማዕረግ መሰለን።

ባንቺአምላክ ነገረችኝ፣ እጇ ከጥጤ ጆሮ ሳይነሳ፦
ትንሹን ከትንሽ፣ እህትን ከወንድም፣
ገዢው «ትንሽ!» እስካለ ሻጩ አይታክትም፤
መንጋጋው እስኪጠብ፣ ጥርስ ማደሪያ አጥቶ፣
የጉሮሮው ቧንቧ እንደ ላስቲክ ተኝቶ፣
የልብ በር ሳይገጥም ደም ወደ ኋላ ሸሽቶ።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።
አባቴ የወደድኳትን ልጅ
ስድስተኛው ቤት ላይ ዘመድ ሆና ቢያገኛት
«ተው» አለኝ። ተውኩ።
ሁለት ክረምት አለቀስኩ።
ለጥጤ ግን ማን ቆጠረላት?
አንድ ቤት እንኳ።

ከጀልባ ጣውላ ደረጃ ሠራሁላት፣ ከአልጋው ሥር፤
ሸተተችው፤ ሄደች። መዝለሉ ይሻላታል።

ደምላሽ ጎረቤቴ ወንዱን ይዞ መጣ፤
«ክረምቱ ሳይገባ ቡችሎቹን እናውጣ፤
አንዱ አሥራ ሁለት ሺህ።»
አልዋሽም፣ ቆጠርኩ።
አሮጌዋ ጀልባዬ አዲስ ሞተር አገኘች፣
በሐሳቤ እስከ ደቅ ደርሳ ተመለሰች።
«ጉልበቷስ?» አልኩት።
«ማን ያያል? ቡችላ ሲሸጥ አይሮጥም» አለኝ።

ሌሊት ከአልጋ ስትዘል፣ በጨለማው፣ «ቀጭ»።
አራት ቡችላ። ስምንት የኋላ ጉልበት።
ስምንት ሎሚ፣
እያንዳንዷ ልትወጣ በየሰው ቤት።

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን፣ ስንኮራ፤
አጥንትን ከቦታው እንደሚስብ ማንም አላወራ።

ጠዋት ሽምብጥ ሄጄ፣ ጥጤን አስቀምጬ፣
«አምክኚልኝ» አልኩ፣ ምራቄን ውጬ።
«ዘርህ ይጥፋ» በእኛ አገር እርግማን ነው።
እኔ ከፍዬ፣ ፈርሜ፣
ለምርቃት ያልኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ማታ ታቅፌያት ዓሣ ማውረጃው ዳር ቆሜያለሁ።
የሰፈር ውሾች፣ ማንም ስም ያላወጣላቸው፣
እናት ይሁን አባት ማንም ያልጠየቃቸው፣
የአምባዛ አንጀት በልተው ፔሊካን ያባርራሉ፤
በደንገሉ ዳር ዳር ጭቃ እየረጩ ይበራሉ።
ጥጤ ታያለች። ጆሮዋ ቆሟል።
ጆሮዬን ከጎኗ አስጠጋሁ፤ ልቧ
እንደ ትንሽ ሞተር ይመታል፤ ለጊዜው ደህና ነው።
ከዚያ ተፈራገጠች፤ «አውርደኝ» ማለቷ ነው።

አወረድኳት።
ወደ ውሃው ጫፍ ሮጠች፣
ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፤
«ቀጭ»፤
አራት።