ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ

ደሴ ላይ ጉም አለ፤ ከቶሳ ወርዶ ፒያሳን ውጧል፤
ሚኒባሱን አሙቄ ቆሜያለሁ፣ ሰዓቱ ደርሷል።
ከሆቴሉ ወጣች፤ ነጠላ ጫማ፣ ትልቅ ጃንጥላ፣
በእጇ አሮጌ ደብተር፣ ጠርዙን ብል የበላ።
«ሁሴን ማለት አንተ?» አለች በሰባራ አማርኛ፣
«የአባቴ ተማሪ? ሰባተኛ ቢ? ያ ረባሽ፣ ያ ቀልደኛ?»

ስሟ ሊሲ ነው። የሚስተር ኩሪያን ልጅ፣ ታናሿ፤
አፏ እሺ ሲል፣ ልክ እንደ አባቷ፣ እምቢ የሚል ራሷ።

ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረን። ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮው፣
ድምፁ አልሰማ ሲል መጽሐፉን ዘግቶ፣ አገሩን ነበር የሚያወራው፤
ኬራላን።
መንገዱ ውሃ የሆነበት፣ ልጅ በጀልባ ተማሪ ቤት የሚሄድበት፣
ዝሆን ወርቅ ለብሶ፣ ጥላ ተይዞለት ለበዓል የሚወጣበት፣
ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ የሚጠመጠምበት፣
ክረምቱ ቀን ቆጥሮ፣ ሰዓት አይቶ የሚገባበት።
እኛ ታዲያ፣ የጭቃ ልጆች፣ ካልሲ የማናውቅ፣
እሱ ምላስ ላይ ተሳፍረን ሄደናል ሩቅ፣ ሩቅ።

ሐረጎን ስንጠማዘዝ፣ ጉሙ ወደ ኋላ ሲቀር፣
ደብተሩን ገለጠች፤ የወሎ ስም በወረፋ ተሰልፎ ነበር፤
በአማርኛ ፊደል! ‹ሐ›ው የተገለበጠ፣ ‹ጨ›ው የተወላገደ።
«መብራት ሲጠፋ፣» አለች፣ «አባቴ፣ በቃ፣ ወሎ ሄደ!
ባቲ ላይ ግመል ከሰው ይበዛል ይለናል፤
ሐይቅ ደሴቱ ላይ መነኩሴ ዓሣን በስም ይጠራል ይለናል፤
ቶሳማ ከሂማላያ ይበልጣል ብሎ ወንድሜን አስምሎታል።»
ሳቄ መሪውን አነቃነቀው። ለኛ ስለ ዝሆን ያለንን ብትሰማ!
ዋጥኩት እንጂ። ኮምቦልቻ ደረስን፣ ቦርከናም ተሰማ።

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ። ሙቀቱ በር ሳያንኳኳ ይገባል፤
አፋሩ ጊሌውን አስተካክሎ ግመሉን በዓይኑ ይመዝናል።
አንዲት ሴት፣ ጦይባ የሚሏት፣ ሰሌን ትሸጣለች፣
ሊሲን አየቻትና «ይችማ የኛው ናት፣ የት ከረመች?» አለች።
ቆመን ቆጠርን፣ እውነቴን ነው፤ እሷ በጣቷ እየጠቆመች።
«ሰው ይበልጣል» አለች። ልትሰርዝ እርሳስ አነሳች፤
መልሳ ከተተች።

በማግስቱ ሐይቅ። ውሃው እንደተወለወለ ሳህን፤
ደሴት የተባለውም ከየብስ ተጋብቶ፣ በእግር ይገባል አሁን።
ከበሩ ስንደርስ አባ ወልደ ሰማዕት እጃቸውን ዘረጉ፤
«ልጄ፣ ሴት አይገባም። ደንቡ ነው፣ የጥንት ነው ወጉ።»
ዝም አለች። ባሕር ተሻግራ፣ ሐረጎን ወርዳ ወጥታ፣
የቀራት መቶ እርምጃ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ።
«እርስዎስ?» አሉኝ አባ። «ሁሴን እባላለሁ» አልኳቸው። ሳቁ።
«ወንድ አይደሉ? ይግቡ፤ ጫማዎን ብቻ ያውልቁ።»

ገባሁላት።
የብራናውን ሽታ፣ አንድ መነኩሴ ጎመን ሲኮተኩት፣
ድመቷን ከከበሮው ጥግ፣ ሁሉን ባይኔ ለቀምኩት።
ወጥቼ ድንጋዩ ላይ አጠገቧ ሆኜ ስነግራት፣
ምላሴ፣ አላህ ይይልኝ፣ ካይኔ ቀደመና ጨመርኩላት፤
«አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ‹ብርቄ!› ብለው ተጣሩ፣
ዓሣዋም ብቅ አለች» አልኳት። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።
ደብተሩ ላይ፣ ካባቷ መስመር ጎን፣ ትንሽ ምልክት አኖረች።
ልክ ነው የሚል ምልክት። እንደ አስተማሪ ልጅ አረመች።

ማታ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ጉሙ መብራታችንን ሲልሰው፣
«ኬራላን ጠይቀኝ እንጂ» አለች፤ «አንድም ነገር አትለኝም፣ አንተ ሰው?»
ዝሆኑ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፣ ወርቁን እንደለበሰ።
ላም መንገድ ገባች፣ ፍሬን ያዝኩ፤ ዝሆኑም ተመለሰ።

«ና አንድ ቀን፤ ቤታችን ውሃ ዳር ነው፣ ጀልባው ይቆማል ከበር።»
«መጥቻለሁ» አልኳት። «መቼ?» «ሰባተኛ ቢ፤
ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ዝናብ ነበር።»