ድምሩ ላይ ያረፈ ጥላ

ሌሚንግተን፣ ከቲማቲሙ ቤት ጀርባ፣ ማዳበሪያ ከሚከመርበት፣
አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ማሞቂያው ከማይሞቅበት፣
ተቀምጬ ብርሃን እደምራለሁ።
ሥራዬ ነው፤ በሰዓት እከፈላለሁ።

ከተክሉ አናት በላይ አንዲት የብርጭቆ ዓይን አለች፣
በየአሥር ደቂቃው አንዴ ገለጥ አድርጋ ታያለች፤
የማርያምን መቀነት ክር በክር ተርትራ፣
ከሐምራዊው ጫፍ እስከ ቀዩ ዳር ቆጥራ፣
አራት መቶ፣ አራት መቶ አንድ፣ አራት መቶ ሁለት ናኖሜትር፣
ለየክሩ የራሱ ሚዛን፣ የራሱ ቅንጣት ነገር።
ከሌሊት እስከ ሌሊት መቶ አርባ አራት መቀነት፤
ክርን ከአምሳያ ክሩ መደረብ ነው የእኔ ሙያ፣ የእኔ ብልሃት።

አንዳንዴ አይገጥሙም። የአምፖሉ ሰነድ በአምስት በአምስት ይራመዳል፣
የእኛ ዓይን በአንድ በአንድ፤ ሶፍትዌሩ «ርዝመታቸው ለየቅል» ይላል።
ያኔ በሁለት እውነት መካከል ግምት እዘረጋለሁ፣
እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ፤ የጎደለውን እዚያ እሰቅላለሁ።

ዛሬ ግን የትናንቱ ድምር እምቢ አለ።
ከሐምራዊው እስከ ቀዩ «የለም፣ የለም፣ የለም» አለ።
አንዲት ረድፍ ባዶ ናት፤ መቶ አርባ ሦስቱ ሙሉ፣
ለዚህ ፕሮግራም ግን አንዲቱ ትበቃለች ለሁሉ፤
ከማውቀው ላይ የማላውቀው ቢደመር መልሱ «አላውቅም»፤
እንዲህ ያለ ቅን ዳኛ ችሎት ላይ አይቼ አላውቅም።

ሰዓቷን ፈለግሁ። መሣሪያው አሥራ አምስት ከሃያ ሲል፣
እኔ ዘጠኝ ከሃያ አልኩት። ወጥቼ ኦቪዲዮን ጠየቅሁት፣
መሰላሉ ላይ ሆኖ ሐረግ በገመድ ሲጠቀልል።
«ጃኬቴ ነው» አለ ሳይሸሽግ፣ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ፤
«ዓይኔ ነደደ። አምፖል ሥር አሥር ሰዓት። ጥላ ፈለግሁ፣ ለአሥር ደቂቃ።»
ጃኬቱን ከብርጭቆዋ ላይ ሰቅሎ፣ ከሥሩ ቁጢጥ ብሏል።
ውጭ በረዶ ነው፤ ፀሐይ ካየን ዘጠኝ ቀን ሆኖናል፤
ውስጥ ግን አንድ ሰው ጨለማ አጥቶ ጨለማ ሠርቷል።

ተመለስኩ። ሁለት መንገድ አለኝ፤
ባዶዋን በጎረቤቶቿ አማካይ ብሞላት ማን ሊጠይቀኝ?
ለቲማቲሙማ እውነት ነው፤ ብርሃኑ አልቀረበትም፣ ጠጥቷል፤
የቀረባት ለዓይኗ ብቻ ነው።
የኦቪዲዮ ዕረፍትስ የት ይገባል?
ያቺን አሥር ደቂቃ በብርሃን ልድፈናት?
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።
ማሞቂያው አንዴ ጠቅ አለ፣ መልሶ ዝም አለ።

«የጠፋውን እለፍ» ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ መጣ፣
ከመቶ አንድ እጅ ጎድሎ፣ ጠርዙ እንደተሸረፈ ዋንጫ።

ማታ ወይዘሮ ፍሪሰን ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ፣
ጣቷን ጉድለቱ ላይ አሳርፋ፣ ብዙ ቆይታ፣
«ትናንት ደመና ነበር?»

«ትንሽ» አልኳት።