ያድግበታል

መሃል ሜዳ ላይ ነው፣ ገበያ ሲበተን፣
ከጋሽ ሸዋንግዛው በረንዳ ላይ ሆነን፣
ከጓሳ የሚወርድ ንፋስ ጣት ገዝግዞ፣
እሱ ዓይኑ ደክሞ፣ የእኔ እጅ ደንዝዞ፣
አንድ ቀጭን መርፌ ሁለታችንን ይዞ።

«ክሩን አንቺ አስገቢው፣ እኔ እሰማዋለሁ፤
መኪናዋ ስትዋሽ ድምጿን አውቀዋለሁ።»
«አሁን ዘለልሽ» ይላል፣ «አሁን ደግሞ ሳብሽ፤
ፔዳሉን ቀስ አርጊው፣ እባብ ነው የረገጥሽ?»

ጨርቁ የልጄ አባት ካፖርት የነበረ፣
ሁለት ዓመት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ።
በሳሙና ስባሪ መስመር አሰመርኩ፤
መቀሱን ግን ፈራሁ፣ ሦስት ሌሊት አደርኩ።

«ቁመቱስ ስንት ይሁን?» ብዬ ስጠይቀው፣
«የልጅ ልብስ ሲሰፋ ልኩን አትጠብቂው፤
ያድግበታል በይና ሦስት ጣት እጠፊው።»

ከሱ በፊት ሁለት ለአፈር ሰጥቻለሁ፤
ሦስተኛውን ፈርቼ ቢያድግልኝ ብያለሁ።
ስሙ ጸሎት ነበር፣ አሁን ልብስ ሆነብኝ፤
በሦስት ጣት እጥፋት ነገን አስለካኝ።

ሰፋሁ። ሌሊት ሰፋሁ፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፤
ውርጩ በበሩ ሥር ምላሱን ሲያወጣ።
ጠዋት ዘረጋሁት፤ ሱሪው ሱሪ አይደለ!
ሁለቱም እግሩ ግራ፣ ቀኝ የሚባል የለ።

ጋሽ ሸዋንግዛው በጣቱ ዳበሰ፤
ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ እንባው ፈሰሰ።
ሳቅ ነው።
«እኔም ስጀምር ለአንድ ዲያቆን ሰፍቼ፣
ሊለብሰው ቢታገል፣ አንገቱን ዘግቼ!»

ፈታሁት በምላጭ፣ ጥልፍ በጥልፍ ለቀምኩ፤
ከመስፋት ይልቅ ነው በመፍታት የተማርኩ።
ከካፖርቱ እጅጌ አንድ ቁራሽ ተርፎ፣
ቀኝ እግር ወጣለት፣ ቀለሙ ተዛንፎ።
የአባትየው ክርን የልጁ ጉልበት ሆነ፤
በሳሳው ቦታ ላይ እራፊ ተጫነ።

ቢያድግልኝ ለበሰ። አላለም «አማረብኝ»፣
አላለም «ብርዱ ጠፋ»፣ አላለም «ሰፋብኝ»፤
እጁን በጭኖቹ ሽቅብ ቁልቁል ሰዶ፣
«ኪሱስ?» አለኝ ብቻ፣ ዓይኑ መሬት ወርዶ።

ኪስ ገና አልተማርኩም። ቢሆንም ጀመርኩት፤
ሁለት ኪስ፣ በግራ በቀኝ፣ ቸኩዬ ሰፋሁት፤
ሥር ሥሩን ረሳሁት።

ጠዋት የገብስ ቆሎ እፍኝ እፍኝ ሞላሁለት፣
ትምህርት ቤት እስኪደርስ ሆዱን ይዞ እንዲያቆይለት።
ወጣ። ትንሽ ቆይቼ በሩን ስከፍተው፣
ከደጃፍ ጀምሮ ፍሬ ፍሬ ቆሎ ነው፤
በጭቃው ዳር ዳር፣ በድንጋይ አጥሩ ሥር፣
አንድ እዚህ፣ ሦስት እዚያ፣
እንደ ተዘለለ ክር።

ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት።
እዚህ ሮጧል፤ ፍሬው ተራርቋል።
እዚህ ቆሟል፤ ምን ሊያይ ይሆን?
እዚህ ቦዩን ዘሏል፤
ሦስት ጣቴ እጥፋት አላደናቀፈውም።

ከኋላዬ የእትዬ ጎርፉ ዶሮ
አንድ ባንድ እየለቀመች
የሰፋውን መንገድ ትፈታለች።

ማታ ሲመለስ ኪሱን እዘጋለሁ።
አንደኛውን።