ከቢጫው መስመር ወዲያ

አባቴ ኢሶኪቺ ጹኩባ መጣ በባቡር፣
ስልሳ ዓመት ጭቃ ያዞረ በታጂሚ መንደር።
ኮፍያውን ጨብጦ ከበሩ ላይ ቆመ፤
ደረቱ ውስጥ ያለው ብረት ተጠቆመ፤
ሳንቲም የምታህል ልብ ቀስቃሽ ዕቃ።
«ከዚች ቢጫ መስመር ካለፉ አበቃ!»
አለው ዘበኛችን፣ አንገቱን ደፍቶ፤
አባቴም ቆመላት፣ ጫማውን አጠጋግቶ።

እኔ ከዚያ ማዶ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣
ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጬ፣ ለውሼ፣
ከማግኔቱ ሆድ ውስጥ በጀሶ ቅርጽ ከተትኩት፤
አባቴን ባሻገር ጮክ ብዬ ነገርኩት፦

«ይኸ ዱቄት፣ አባ፣ ምስማር አይደለም፤
ማግኔት ብታሳየው ዞር ብሎ አያውቅም።
ግን እያንዳንዷ ቅንጣት፣ ከሆዷ ሸሽጋ፣
የምትወደው ጎን አላት፣ የምትመርጠው አልጋ።
አሥራ ሁለት ቴስላ ያቺን ጎን ያስታውሳታል፤
ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ውኃው ያሳልፋታል።
ብቻ እንዳይጓጉሉ! ተቃቅፈው ከቀሩ
ቢጎትቷቸውም ወዴትም አይዞሩ።
ተለያይተው ሲዋኙ ነው መስማማታቸው፤
ጀሶው ውኃውን ሲጠጣ ይጸናል ፊታቸው።»

ዝም አለ። ቆይቶ «ፉሚኖ፣ ጣትሽስ?» አለኝ፤
«የት አረፈ ጣትሽ?» መልስ አጠረኝ።
እጄ አልነካውም፤ ጓንት ነው ያቀፈው፤
እሱ ከየሳህኑ ሥር አውራ ጣቱን አትሞ ነው የሚያሳልፈው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከእቶን ሁለት ሸክላ አወጣሁ፤
ሺ ስድስት መቶ ዲግሪ አልፋ፣ አንዷን ደህና አገኘሁ።
አንዷ ግን ስትኮማተር ወርዷ ቁመቷን ከዳው፤
ገል ሆና ጠበቀችኝ። ልፋቴን ውኃ በላው።

መስመሩ ድረስ ወሰድኩለት።

የተሰነጠቀችውን ብቻ ነው ያነሣው፤
በጥፍሩ መታ አርጎ ከጆሮው አስጠጋው፤
የሚንቀጠቀጥ ጣቱ ስንጥቁን ሲያገኘው
ቀጥ አለ፤ ተከተለው። «እንዲህ ነው የተኙት፤ እንዲህ ነው።»

አላመንኩትም።
ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣
ሄደ ገሏን ይዞ፣ ጥሎ ደህናውን ሁሉ።

ማታ ፍንካች ቀርታኝ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖርኩ፤
ቅንጣቱን አንድ ባንድ ስቆጥር አደርኩ።
ልክ ጣቱ እንዳለው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤
እንደ ባቡር መንገደኛ ባንድ ፊት አንቀላፍተዋል።

እሱ አሁን ናጎያን አልፎ ይሆናል ምናልባት፣
ገሏን በኮፍያው ውስጥ፣ አውራ ጣቱን አድርጎባት።