በፊደል ስህተት

ሒርማታ ጥግ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ሚፍታህ ግንድ ሲፈልጥ፣ ሲልግ፣ ሲሰረስር፣
ምስማር ያልነካው፣ ከአንድ ገላ የወጣ
በርጩማው ይቆማል በሦስት እግሩ፣ ገዢ እስኪመጣ።

ገዢውማ ዛሬ በእግሩ አይዞርም፤
መደብ ለመደብ እያየ «ስንት ነው?» አይልም።
አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ በእኩለ ሌሊት፣
ለስልኩ ይነግራል የልቡን ምኞት።
«የጅማ በርጩማ» ብሎ ጽፎ ሳይጨርስ፣
ጣቱ ከመስተዋቱ ተነሥታ ሳትመለስ፣
ጨረታ ይቆማል፤ የማይታይ ጨረታ፣
ሽፋሽፍት ሳይገጥም ተጀምሮ የሚፈታ።
የሚሸጠው ግን እቃ አይደለም፤ ቃል ነው፤
ቃሉን የያዘ ሰው ነው፣ ስሙ ከገጹ አናት የሚሰፍነው፤
ከራስጌው «ማስታወቂያ» የምትል ቅንጣት ጽሑፍ፣
እንደ ሚዛን ላይ አውራ ጣት፣ ሳትታይ የምታልፍ።

ረውዳ ናት፣ የሚፍታህ ልጅ፣ ይኼን የነገረችኝ፣
ከአጂፕ ወዲህ ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ ስታስረዳኝ፦
«ካላዩኝ አልከፍልም፤ ቢያዩኝም አልከፍልም፤
ሲነኩኝ ነው እንጂ፣ ሳይነኩኝ ሒሳቡ አይነቃነቅም።
ትልቅ ብር የጠራም ሁልጊዜ አይረታም፤
ደጅህ ካላማረ፣ ያልከው ካልተገኘ፣ ደላላው ገዢ አያመጣም።»

ለ«በርጩማ» ዋጋ ስትጠራ ግን ደነገጠች፤
አባቷ የኖረበትን ቃል ሌላ ይዞት አገኘች፤
የፕላስቲክ አስመጪ፣ ከመርካቶ፣ ከሩቅ፣
በአንድ ጠቅታ አሥራ ስምንት ብር የሚረጭ፣ ሳይሳቀቅ።
ሰባ ብር ነው የቀን በጀቷ፤ አራት ሰው ሳይሞላ ያልቃል፤
ጠዋት የወጣ ማስታወቂያ ሳይረፍድ ከገበያ ይወርዳል።
አንዱ ነክቶ ወጣ። አንዱ የፈለገው የቢሮ ወንበር።
አንዱ፣ በርጩማ እንዴት እንደሚሠራ በነጻ ሊማር።

እኔም አለሁበት።
እኔ ቆጪ ነኝ፤ እንጨት የማልፈልጥ፣
ስለ እንጨት የምጽፍ፤ ምስጥ የቱን ትቶ የቱን እንደሚበላ የማጋልጥ።
ከጽሑፌ ጎን አንድ ባዶ ግድግዳ አከራያለሁ፤
ማን እንደሚለጥፍበት ግን እንደ ሰው ሁሉ ጠዋት አያለሁ።
ስለ ዋንዛ ዕድሜ በጻፍኩት ገጽ ጎን፣
«ምስጥ አይበላውም! ፕላስቲክ!» ተሰቅሎ አገኘሁ አንድ ቀን።
ተናደድኩ። ከዚያ የወሩን ሒሳቤን ከፍቼ፣
ዝም አልኩ፤ የኢንተርኔቱን ከፍዬበት፣ ተርፎኝ ምሳ በልቼ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ አዌቱን ሲያደፈርስ፣
ረውዳ ሰው የጻፈውን ቃል ስታገላብጥ፣ ስታስስ፣
አየች፦ ሕዝቡ እንደ መምህር አይጽፍም።
«ጅማ»ን «ጂማ» ይላል፤ «በርጩማ»ን «ብርጩማ» ቢል አያፍርም፤
አንዱ «ባርጩማ»፣ አንዱ በላቲን ፊደል፣ አንዱ «ያ ሦስት እግር ያለው፣
አባባ ቤት የነበረው» ይላል፣ ስሙን የረሳው።

አስመጪው ትክክለኛውን ቃል ነበር የገዛው፤
ስህተቱ ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር፣ ዋጋ የሌለው።
አንድ ብር ጠራች፣ ለ«ብርጩማ»፣ ለ«ጂማ»።
ማንም አልተጫረተም፤ የሷ ሆነ ሙሉው የስህተት ከተማ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት ከሻሸመኔ ደወለች፤
«ብርጩማ ስድስት፣ ለሆቴሌ ደጅ» አለች።
ሚፍታህ «በርጩማ ነው» ብሎ ሊያርማት ሲነሣ፣
ረውዳ አፉን ያዘችው፤ «አባ፣ ተወው፤ ፊደሉ ይረሳ።
እሷ አስተካክላ ብትጽፍ፣ ፕላስቲክ ላይ ትቀመጥ ነበር፤
አንተም ይኼኔ ግንድህን ታቅፈህ፣ ዝናብ ስትቆጥር።»

ትናንት በገጼ ጎን አዲስ ማስታወቂያ አየሁ፦
«ብርጩማ፣ ከጂማ»። ስህተቱን አወቅኩት፤ ሳቅሁ።
ጣቴ ሄደች ልትነካው። ያዝኳት።
ብነካ፣ ከረውዳ አንድ ብር ይወጣል፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ደላላው ድርሻውን ወስዶለት፣
ሳንቲሙ ተመልሶ እኔው ጋ ይደርሳል፣ ቆጪ፤
የራስን ግድግዳ መንካት ደግሞ ክልክል ነው፤ ሕጉ ቀጪ።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ድልድዩን ተሻገርኩ በእግሬ፣
ጭቃውን ረግጬ፣ ጨብጬ የፕላስቲኩን ብሬ።
«ስንት ነው?» አልኩት ሚፍታህን። መጥረቢያውን እያሳረፈ፣
የሰፈሩን ልጅ፣ እኔን፣ ረውዳ እንዳስተማረችው ጠየቀኝ፤ አላለፈ፦
«እንዴት አገኘኸን?»